ከጀርባው የሚቀዳው ውሃ ከኤምአርአይ ቀድሞ ያወራል አሉኝ፤ ምን ትላላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እዚህ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በስልክ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ።

ትልቁ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። አምና ጠዋት ጠዋት ማስታወክ ጀመረ። ሆዱ ነው ብለን ከረምን። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ "ቡዳ ነው" አለች። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለጠላ ነው አልኩ። ለዚህ ራሴን እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ኋላ ሲራመድ መንገዳገድ ሲያመጣ ነው ኤምአርአይ የተነሳው። ከኋላ በኩል፣ ትንሹ አንጎል ላይ ዕጢ ተገኘ። ሜዱሎብላስቶማ ይባላል።

ዕጢው ወጣ። ልጄ ግን ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ያያል፣ ይሰማል፣ አይናገርም። ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያ ቃሉ "እምቢ" ነበር፤ ነርሷ መድኃኒት ልትሰጠው ስትል። ለአንዲት "እምቢ" ዘመድ ሁሉ በስልክ እልል አለ።

ጨረሩን ስድስት ሳምንት ጨርሶ አሁን ኬሞ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የምርምር ክፍሉ ሴትዮ ፎርም ይዛ መጣች። በሚቀጥለው ጊዜ ከጀርባው ውሃ፣ ያ አንጎልን ከብቦ ያለው ፈሳሽ፣ ሲቀዳ ትንሽ ጨምረው ሊወስዱ ይፈልጋሉ። ሊኩዊድ ባዮፕሲ አለችው። ውሃው ውስጥ የዕጢው ዲኤንኤ ካለ ኤምአርአይ ሳያየው ሊያዩት ይችላሉ አሉኝ። ባለቤቴ ፎርሙን አየና "ልጁን እንደ ላም ስንት ጊዜ ነው የሚያልቡት?" አለ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። እውነት ቀድሞ ያውቃል? ጨምሮ መቅዳቱ ይጎዳዋል? ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ፤ ውሃው "አለ" ካለና ኤምአርአዩ "የለም" ካለ ምን ያደርጋሉ?

የላብ ሰው (ሚኒያፖሊስ)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ላብራቶሪ ውስጥ ዲኤንኤ የሚያነብ ማሽን ላይ ነው የምሠራው። የማውቀውን ልንገርሽ፤ ስለ ልጅሽ የሚወስነው የራሱ ሐኪም ነው።

ዕጢ ቁጭ ያለ ድንጋይ አይደለም። ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ይሞታሉ። የሞተው ሲፈርስ ዲኤንኤው ተበጣጥሶ ይወጣል። አውድማ ላይ ገብስ ሲወቃ እብቁ እንደሚበነው ማለት ነው። ገብሱን ባታዪውም እብቁ አጠገብሽ ከደረሰ የሆነ ቦታ እየተወቃ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እያንዳንዱ ብጥስጣሽ 160፣ 170 ፊደል ገደማ ነው። የሰው ሙሉ ዲኤንኤ ሦስት ቢሊዮን ፊደል ስለሆነ ኢምንት ነገር ነው።

"ታዲያ ለምን ከክንዱ ደም አይወስዱም?" ትይ ይሆናል። በደምና በአንጎል መካከል አጥር አለ። ያ አጥር እብቁን በብዛት አያሳልፍም። በ2014 የወጣ 640 የካንሰር ሕመምተኞችን ያየ ጥናት አለ። የአንጀት ወይም የቆሽት ካንሰር ከተስፋፋባቸው ሰዎች ውስጥ ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደም ላይ የዕጢው ዲኤንኤ ተገኘ። አንጎል ውስጥ በጀመረ ዕጢ ግን ከግማሽ በታች ነው። የአንጎሉ ውሃ ግን ዕጢውን እያጠበ ነው የሚያልፈው። ወደ ጀርባም ይወርዳል። ለዚህ ነው ከጀርባ የሚቀዳው።

አሁን ወደ መጀመሪያ ጥያቄሽ። ሜምፊስ ያለው የሴንት ጁድ ሆስፒታል ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ሥራ አለ፤ እንደ ልጅሽ ሜዱሎብላስቶማ ባለባቸው ልጆች ላይ ነው። 123 ልጆች፣ 476 ናሙና። ልጆቹ ሕክምና ላይ ሳሉ በየጊዜው የተቀዳና የተቀመጠ ውሃ ነው። ዲኤንኤውን ፊደል በፊደል አላነበቡትም። መጽሐፉን ሳታነቢ ገጾቹን እንደ መቁጠር ነው፤ የትኛው ምዕራፍ በዝቷል፣ የትኛውስ ተገንጥሏል። ሜዱሎብላስቶማ ብዙ ጊዜ ገጹን ያዛባል። ለምሳሌ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ አንዱ ክንድ ጠፍቶ ሌላው ሊደረብ ይችላል። ይህ ጤነኛ ሴል ላይ አይገኝም። ውሃው ውስጥ ከታየ ከዕጢው ነው።

ያገኙት ይሄ ነው። ሕክምናው እየገፋ ሲሄድ ምልክቱ በብዙ ልጆች ላይ ይጠፋል። ሳይጠፋ የቀረባቸው ልጆች ላይ በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። በሽታው ከተመለሰባቸው ልጆች በግማሾቹ ላይ ደግሞ ውሃው ከኤምአርአዩ ቀድሞ ተናግሯል።

ግማሾቹ ላይ ነው ያልኩት። ይህን ቃል እንዳታልፊው። ሌላው ግማሽ ላይ ውሃው ቀድሞ አልተናገረም። ስለዚህ "የለም" የሚል ውጤት "ድኗል" ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄሽን ለነርሶቹ ልተወው፤ እዚህ ያሉ ይመስለኛል።

አባ ጠጠር (ሂውስተን)

እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር፤ ማንም አይቀየመኝ። እዚህ አገር ጤና ንግድ ነው። ፌስቡኬ ላይ "በአንድ ብልቃጥ ደም ካንሰርን ይወቁ" የሚል ማስታወቂያ በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል። አሁን ደግሞ በልጆች መጡ። እኔ ፎርም ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን ገጽ ነው፤ ማን ይከፍላል፣ ናሙናው የማን ነው የሚለውን። እህቴ ያንን ገጽ አንብበሽዋል?

የላብ ሰው (ሚኒያፖሊስ)

አባ ጠጠር፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ነገሩ ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ለአዋቂ የተሠራ የደም ምርመራ ነው። የሚፈልገው አዋቂ ካንሰር ላይ የሚበዙትን የዲኤንኤ ስህተቶች ነው። የልጅ ዕጢ ስህተቱ ጥቂት ነው፣ ዓይነቱም ሌላ ነው። ያንን ገዝቶ ልጁን የሚያስመረምር ወላጅ ገንዘቡን አውጥቶ "ምንም የለም" የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ባዶ ወረቀት አደገኛ ነው፤ ያዘናጋል።

የእህታችን ግን ጥናት ነው። ሂሳብ ሊያስከፍሏት አይገባም። ይህን እንድትጠይቅ አንተም እኔም እንስማማ።

ሲስተር ነኝ (ዳላስ)

የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ፤ 11 ዓመት ሆነኝ። ስለ መቅዳቱ ልንገርሽ እማዬ።

አይጎዳውም ለማለት የሚያስችለኝ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ለጥናቱ ብለው ሌላ ቀን ጀርባውን አይወጉትም። ለሕክምናው በሚወጋበት ቀን ያው መርፌ ገብቶ ሳለ ጥቂት ሚሊ ሊትር ይጨምራሉ። ፎርሙ ላይ ይህ መጻፉን አረጋግጪ። ለጥናቱ ብቻ ሌላ መውጋት ካለበት ግን ሌላ ወሬ ነው፤ እምቢ ማለት ትችያለሽ። ውሃው ደግሞ ይተካል። አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመርታል። ልጅ ያንሳል፣ ግን የተቀዳችው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትመለሳለች።

ልጁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ አይበላም፤ ውሃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ግን ጠይቂ። ብዙ ቤተሰብ ውሃም ይከለክላልና ልጁ በጥም ይነጫነጫል። ማደንዘዣው እንደ ወተት ነጭ ነው፤ በሥሩ ሲገባ ያቃጥለዋል፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይተኛል። እጁን ያዢው። በጎኑ አስተኝተው ጉልበቱን ወደ ደረቱ ያጥፉታል። ውሃው በጠብታ ነው የሚወርደው። ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ እንደ ምንጭ ውሃ። አንዳንዴ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቀላ ይላሉ፤ መርፌው ትንሽ ሥር ነክቶ ነው። አትደንግጪ፤ ሲቀጥል ይጠራል።

የተወጋበት ቦታ ማታ ሊያመው ይችላል። ራሱን ካመመውና ቀና ሲል ከባሰበት፣ ጋደም ሲል ከተሻለው ደውዪ።

የላብ ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ሲስተር ያነሳችው የቀላችው ጠብታ ላብ ውስጥ ትልቅ ነገር ናት። ደም ከገባ የደሙ ነጭ ሴሎች ዲኤንኤ ይገባል። የዕጢው ዲኤንኤ በዚያ ውስጥ ይዋጣል። ለዚህ ነው መጀመሪያ የወረደውን ለሌላ ምርመራ ትተው ጥርት ያለውን ለእኛ ቢልኩልን የምንመርጠው።

ጊዜውም አለ። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ከዋለ ውሃው ውስጥ ያሉት ሴሎች ይፈርሳሉ፣ የራሳቸውን ዲኤንኤ ያራግፋሉ። አርብ ከሰዓት የሚመጣ ናሙና ሁላችንም እንጠላለን። ሴሎቹ እንዲዘቅጡ በማሽን ተሽከርክሮ (ሴንትሪፊውጅ)፣ ላዩ ተቀድቶ፣ ፍሪዘር እስኪገባ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

የሷ አባት (አትላንታ)

ክሩን ሳነብ ነው ያመሸሁት። ልጽፍ አልጽፍ እያልኩ።

የኔዋ ልጅ ዲአይፒጂ የሚባል ዕጢ ነበር ያላት። ግንደ አንጎል ላይ ነው። ኦፕራሲዮን አይደረግም። ያኔ ምርመራውም በኤምአርአይ ምስል ብቻ ነበር፤ ቦታው አስቸጋሪ ስለሆነ ናሙና ለመውሰድ ብዙ ሐኪም አይደፍርም። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከታመመች በኋላ አሥር ወር ኖረች። በ2019 ነው ያረፈችው።

ይህን የምጽፈው እህቴን ለማስፈራራት አይደለም። የልጅሽ በሽታ ሌላ ነው፤ ከሱ የሚድኑ ብዙ ናቸው። የምጽፈው ለሦስተኛው ጥያቄሽ ነው።

የኔ ልጅ የነበራት ዓይነት ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የታወቀ የዲኤንኤ ስህተት አለው። ኤች3 ኬ27ኤም ይሉታል። በ2012 ነው የተገኘው። ስህተቱ አንድና የታወቀ ስለሆነ ፍለጋው ይቀላል። በ2018 የወጣ ጥናት 48 ልጆችን አይቶ 88 በመቶዎቹ ላይ በደም ወይም በጀርባ ውሃ አገኘው። ጨረር ከተሰጠ በኋላ ደም ውስጥ ያለው መጠን የመቀነሱ ነገር በ12 ልጆች ላይ ታይቶ በአሥሩ ከኤምአርአዩ ጋር ገጥሟል። ልጄ ደም ሰጥታለች፤ ለምርምር። እኔ ነኝ የፈረምኩት።

የኤምአርአይ ችግር ምን እንደሆነ ሰው አያውቅም። ከጨረር በኋላ ምስሉ ያብጣል። ዕጢው አደገ ወይስ ጨረሩ ያቃጠለው ነው ያበጠው? ሐኪሙም አያውቅም። "ስድስት ሳምንት እንጠብቅና ደግመን እናንሳ" ይልሃል። አሥር ወር ላለው ሰው ስድስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ቁጠሩት። ያኔ ከደሟ አንድ ቁጥር ቢነግሩኝ ኖሮ ሕክምና አልፈልግበትም ነበር። ዲዝኒ ወይ አሁን ወይ በኋላ የሚለውን ነበር የምወስንበት። አልነገሩኝም፤ ጥናት ስለነበረ ውጤቱ ለቤተሰብ አይሰጥም። እኛ ጠበቅን። ስትሄድ ዲዝኒን አላየችም።

አሁን በኦገስት 2025 ለዚህ ዕጢ፣ ከሕክምና በኋላ ሲብስ የሚሰጥ ዶርዳቪፕሮን የተባለ መድኃኒት እዚህ አገር ተፈቅዷል። የሚዋጥ ነው። ፈውስ አይደለም። ግን የሚወሰን ነገር ሲኖር ቀድሞ ማወቅ ትርጉሙ ይለወጣል።

ስለዚህ እህቴ፣ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፤ ውጤቱን ትነግሩኛላችሁ ወይ? መልሱን ሰምተሽ ፈርሚ።

አባ ጠጠር (ሂውስተን)

ወንድሜ፣ ነፍሷን ይማር። ከላይ የጻፍኩትን አነበብኩትና አፈርኩ። አላጠፋውም፤ ይቀመጥ።

ጥቁር ሻይ (ስቶክሆልም)

ለሁላችሁም ሰላም። እኔ ደግሞ "አዲስ ቴክኖሎጂ" ሲባል ትንሽ ያስቀኛል። የልጄ ዕጢ በውሃና በደም ነው የታወቀው፤ ምንም ዲኤንኤ ሳይነበብ።

13 ዓመቱ ነበር። ውሃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ሌሊት አምስት ጊዜ ይነሳል። ስኳር ነው ብለን ስንመረምር ስኳሩ ደህና ነው። ኋላ ኤምአርአይ ላይ ዕጢ ታየ፤ ጀርም ሴል የሚባለው ዓይነት ነው ብለው ጠረጠሩ። ከደሙና ከጀርባው ውሃ ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ የሚባሉትን፣ እንዲህ ያለ ዕጢ የሚያመነጫቸውን ነገሮች ለኩ። ቤታ ኤችሲጂ ማለት ያው የእርግዝና ምርመራ ላይ ያለው ነው! ለወንድ ልጅ ያንን ሲያዙ ባለቤቴ ነርሷን "ተሳስታችኋል" ብሎ ሊጣላት ነበር። ሁለቱም ከፍ ብለው ተገኙ። ራሱን ሳይከፍቱት ኬሞ ጀመሩ። ከዚያ በየጊዜው ቁጥሩን ለኩ። ቁጥሩ ሲወርድ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ፍሪጅ ላይ እለጥፍ ነበር። እስካሁን አለ።

ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

እናንተ ስለ ዲኤንኤ ታወራላችሁ፤ እኛ ኤምአርአይ ለማንሳት ወረፋ እንጠብቃለን። አልከፋም፤ እውነቱን ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሜዱሎብላስቶማ ነው፤ አንድ ነን እህቴ። ሻንት አላት፤ የአንጎሉን ውሃ የሚያፈስ ቱቦ። ኦፕራሲዮኑ እዚሁ አዲስ አበባ ነው የተሠራላት፤ እጃቸው ይባረክ። ጨረሩን ግን ጠብቀን ነው ያገኘነው። ማሽን ይበላሻል፣ ሰው ይበዛል። ከጎንደር፣ ከጅማ የመጡ አባቶች በረንዳ ላይ አብረውኝ ያድሩ ነበር።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ከዚህ ሁሉ ለኔ ልጅ የሚሆን ነገር አለ?

የላብ ሰው (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ ከፒያሳ፣ ላታልልህ አልፈልግም። ይህ ምርመራ እዚህም ቢሆን በጥናት ውስጥ ነው የሚበዛው። ነገ አዲስ አበባ ይደርሳል ብል ውሸት ነው።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ የልጅህ የጀርባ ውሃ ለማይክሮስኮፕ ምርመራ መሄዱ አይቀርም፤ ዕጢው ወደ ጀርባ ወርዶ እንደሆነ የሚታይበት ነው። እዚያ ላይ የሚያበላሸው መዘግየት ነው። ሴሎቹ በሰዓታት ውስጥ ይሟሟሉ። ብዙ ቦታ ቱቦውን ተሸክሞ ወደ ላብ የሚሄደው ወላጅ ነው አይደል? እንግዲያው በዚያ ቀን ቡና አትጠጣ፣ ዘመድ አታናግር፤ ቀጥታ ሂድ። ደግሞ ኦፕራሲዮን በተደረገ ማግስት የተቀዳ ውሃ አይታመንም፤ በቢላው የተነካካ ሴል ይኖርበታል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ያህል የሚጠብቁት።

ሁለተኛው ጥቁር ሻይ የነገረችን ነው። ኤኤፍፒ እና ቤታ ኤችሲጂ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ላብራቶሪ ይሠራቸዋል። ለልጅህ ዕጢ አይሆኑም፤ የሷ ሌላ ነው። ግን በረንዳው ላይ አብሮህ የሚያድር አባት ልጁ እንደ ጥቁር ሻይ ልጅ ውሃ የሚጠጣና የሚሸና ከሆነ፣ ሐኪሙን "ይለካ ወይ?" ብሎ ቢጠይቅ አይከፋም።

ከፒያሳ (አዲስ አበባ)

ቱቦውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አርብ ነበር። ታክሲ አጥቼ በእግሬ ነው የሄድኩት። አሁን ገባኝ ለምን "በቂ ሴል የለም" እንዳሉኝ። በሚቀጥለው ራይድ እጠራለሁ።

የአዲ እናት (ሚኔሶታ)

ጣልቃ ልግባና፣ የኔ ልጅ ሉኪሚያ ነበረባት። ለእኛ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ኤምአርዲ እንለዋለን፣ ከሕክምና በኋላ የተረፈ የካንሰር ሴል ማለት ነው፤ ምርመራው በአሥር ሺህ ሴል ውስጥ አንድ የካንሰር ሴል ካለ ያገኘዋል። ሕክምና በጀመረች በ29ኛው ቀን ተለካ፣ አለ አሉ፣ ኬሞውን አከበዱት። አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ ስልኬን ወስዳ አትመልስም። ስለዚህ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ነው የማምነው።

ሲስተር ነኝ (ዳላስ)

የአዲ እናት፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ልዩነቱን ግን ልጨምር፤ ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው ያለው።

ሉኪሚያ ላይ "ኤምአርዲ ካለ ሕክምናውን አክብድ" የሚለው ለዓመታት በብዙ ልጅ ላይ ተፈትኖ ነው የመጣው። አንጎል ላይ ገና እዚያ አልደረስንም። ምልክቱ ቢገኝ ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ደግሞ መቅዳት፣ ኤምአርአዩን ቀደም ብሎ ከነጀርባው ማንሳት፣ በቅርበት መከታተል ነው። በዚያ ውጤት ብቻ ሕክምና መለወጥ ልጁን እንደሚያድን ገና አልተረጋገጠም። ጨረሩን ሙሉ የወሰደ ልጅ ላይ ሲመለስ የሚቀረው መንገድ ጠባብ ነው፤ ይህን መደበቅ አልችልም። በጣም ትንንሾቹ፣ ጨረር ያልተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ግን ጨረሩ ተቆጥቦ ስለቀረ ቀድሞ ማወቁ በር ሊከፍት ይችላል።

ዕጢውም ዓይነት አለው። ቀስ ብለው የሚያድጉት፣ ዝቅተኛ ደረጃ ግሊዮማ የሚባሉት የአንጎል ዕጢዎች፣ ልጆች ላይ ከሁሉም የሚበዙት እነሱ ናቸው። እነሱ እብቅ ብዙም አያወጡም። ውሃው ዝም ሊል ይችላል።

እማማ (ለንደን)

ልጆቼ፣ እኔ ይህን ዲኤንኤ የሚባለውን አላውቅም። ጠበሉንም አትርሱ። የኔ የልጅ ልጅ በጠበል ነው የተነሳችው። ልጁን አስጠምቂው እናቱ።

ሲስተር ነኝ (ዳላስ)

እማማ፣ ጸሎትዎ አይለየን። ልጁ ግን አሁን ኬሞ ላይ ስለሆነ ነጭ የደም ሴሉ የሚወርድበት ሳምንት አለ። ደረቱ ላይ የተተከለ ቱቦም ሊኖረው ይችላል። ያንን ቱቦ ያልታከመ ውሃ ከነካው ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ይገባል። እናቱ ነርሷን "በዚህ ሳምንት ግንባሩን ብቻ መርጨት ይቻላል ወይ?" ብላ ብትጠይቅ ማንም አይስቅባትም። እኔን ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ ቀኑን መርጠን ሰጥተናል።

እማማ (ለንደን)

እንደሱ ከሆነ እሺ። ግንባሩን ይበቃል።

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁም ዘራችሁ ይባረክ። ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ። ዝርዝሩን ልንገራችሁ።

ሴትዮዋን የሷ አባት እንዳለው ጠየቅኳት። "ውጤቱ ለቤተሰብም ለሐኪሙም አይመለስም" አለችኝ። ጥናቱ ገና የሚለካው ምርመራው ራሱ ይሠራ እንደሆን ነው። ያልተረጋገጠ ቁጥር ሰጥተውኝ ባብድባቸው ወይም ብዘናጋ ተጠያቂ ናቸው። ገባኝ። ግን አናደደኝ። ለምን እንደተናደድኩ ለሷ ማስረዳት አልቻልኩም፤ በእንግሊዝኛ መናደድ አልችልም። በስልክ አስተርጓሚ ጠሩልኝ። አስተርጓሚዋ የኛ አገር ልጅ ናት። "እህቴ፣ እኔም ቢሆን ማወቅ እፈልግ ነበር" አለችኝ በአማርኛ። ያንን ግን አልተረጎመችላትም።

የአባ ጠጠርንም ገጽ አነበብኩ። ለኛ ሂሳብ የለውም። ናሙናው ስም አይኖረውም፣ ቁጥር ነው። በፈለግኩ ጊዜ መውጣት እችላለሁ፤ ቀድሞ የተነበበው ግን አይመለስም። ሌላ መውጋት የለም፤ ይህንንም በእስክሪብቶ አስጽፌ ነው። ባለቤቴ "እንግዲያው ከዚህ በፊት የነዚያ 123 ልጆች እናቶች ፈርመው ነው" አለና ፈረመ። ላም ያለው እሱ ነው።

ትናንት ተቀዳ። ሲስተር እንዳለችው ነጩ መድኃኒት ሲገባ አለቀሰ፣ እጄን ጨመቀኝ፣ ተኛ። በመስታወት ነው ያየሁት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። ቆጠርኩ፤ አርባ ላይ ጠፋብኝ። ጥርት ያለ ነው። ቱቦዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሦስተኛውን አንድ ወጣት ልጅ በረዶ ውስጥ ይዞት ሮጠ። እውነት ሮጠ። የላብ ሰውን አስታወስኩ።

ልጁ ሲነቃ ያለው "ፓስታ በአዋዜ" ነው። ኬሞው አፉን ስላበላሸው የሚጣፍጠው የሚያቃጥል ብቻ ነው። ነርሷ አዋዜ ምንድነው አለችኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ አሸተትኳት፤ እንባዋ መጣ።

ኤምአርአዩ ማክሰኞ ነው፤ ከነጀርባው። ኤምአርአይ በደረሰ ቁጥር ቤታችን ቡና አይፈላም፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒ እሰብራለሁ።

የሷ አባት (አትላንታ)

ማክሰኞ ጠዋት እኔ ነኝ የማፈላው። ስለፈረምሽ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ዲዝኒ ሂዱ። ውጤቱን አትጠብቁ።

አባ ጠጠር (ሂውስተን)

ትኬቱን ከሂሳቤ ላግዝ፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ልጁ ከአዋዜው ውጭ ምን ይወዳል?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እምቢ ማለት።